የጀጎል ግንብና የበሮቹ ነገር

በ1512 ዓ.ም. ሱልጣን አቡ በክር የአዳልን መንበር ከደከር ወደ ሐረር አዛወረ። ከዚህችም ከተማ ኢማም አሕመድ ተነሥቶ ብዙ አገር ካስገበረ በኋላ በ1535 ዓ.ም. ወይና ደጋ ላይ ወደቀ። ባልቴቱ ባቲ ድል ወንበራ የባሏን ደም ለሚመልስ እንጂ ለሌላ አላገባም አለች ይባላል፤ የኢማሙ የእኅት ልጅ አሚር ኑር ቃሉን ሰጥቶ አገባት። በ1551 ዓ.ም. ኑር ከዐፄ ገላውዴዎስ ጋር ተዋግቶ ንጉሡን ገደለ። ነገር ግን ኑር በዘመቻ ሳለ የንጉሡ ሰው ሐመልማል ሐረር ገብቶ ሱልጣን በረካትን ገድሎ ነበር። ኑርም ድል አድርጎ ሲመለስ ሐዘሎ ላይ ኦሮሞዎች ሠራዊቱን ፈጁበት። ሰው ሁሉ የሚያነሣው የጀጎል ግንብ የቆመው እንግዲህ ዘበኛ ባጣች ከተማ ላይ ነው።

ከዚህ ተነሥቶ ሐረርን ያኖራት ግንቧ ነው ማለት ልማድ ሆኗል። እኔ ግን ያኖራት የበሮቿ ሥርዓት ነው እላለሁ። ግንቡ ዙሪያው ሦስት ተኩል ኪሎ ሜትር ያህል፣ ቁመቱ አራት ሜትር ገደማ ሆኖ በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ ነው፤ ብርቱ ከበባን ለመመከት የታሰበ ምሽግ አይመስልም። ሐረሬዎች የሚያርሱት መሬት ከግንቡ ውጭ ስለሆነ፣ በሩን ዘግቶ የሚቀመጥ ከተማ ራሱን ያስርባል። ይህም በኑር ዘመን ታየ፤ ጠላት ያልገባባት ከተማ ረኃብና ወረርሽኝ ገቡባት፣ አሚሩም በዚያው መቅሠፍት ሞተ። በሮቹ ግን ሌላ ሥራ ሠሩ። ሸዋ በር፣ ፈላና በር፣ ኤረር በር፣ ሰንጋ በርና ቡዳ በር አምስቱ ወደ ከተማዋ የሚያስገቡት ዋና መንገዶች መጨረሻ ሆነው፣ የውስጡንም ሰፈር በአምስት ይከፍሉ ነበር። በቀን የኦሮሞው ገበሬ ጦሩን በር ላይ አስቀምጦ ሸቀጡን ይዞ ይገባል፤ ማታ በሮቹ ተዘግተው ቁልፉ ወደ አሚሩ ይሄዳል። በግንቡ ሥር የተተዉት የጅብ ቀዳዳዎች እንኳ ለዚህ ምስክር ናቸው፤ ሌሊት አውሬውን ሳይቀር እያስገባ ጥራጊውን የሚያስበላ አጥር መዝጋትን ብቻ አላሰበም።

ተቃዋሚ፦ ግንቡስ የኦሮሞን ፈረሰኛ አላቆመም ወይ ይል ይሆናል። አቁሟል፤ በኑር ዘመን ያለ እርሱ ከተማዋ ባልተረፈችም ነበር፣ ይህን መካድ ለእውነት አይበጅም። ነገር ግን ፈረሰኛን አንድ ትውልድ ማቆምና ከፈረሰኛው ልጅ ልጆች ጋር ሦስት መቶ ዓመት መኖር አንድ አይደለም። አሚሮቹ የዙሪያውን አለቆች በልብስ ስጦታ ይዘው፣ እህሉን እየተቀበሉ ጨውና ጨርቅ እየሸጡ፣ የራሳቸውንም ገንዘብ እየቀረጹ ኖሩ። ሌላው ደግሞ መድፍ ከመጣ በኋላ ግንብን መውቀስ ፍርድ ማጓደል ነው ይላል። እኔም ወቀሳ አላነሣሁም፤ የተደረገውን ግን ልብ ይሏል። በ1868 ዓ.ም. የግብጹ ራኡፍ ፓሻ ከተማዋን ያለ ረጅም ከበባ ያዘ፣ አሚር ሙሐመድም ተገደለ። ግብጾች በ1877 ዓ.ም. ሲወጡ የተሾመው አሚር ዐብዱላሂ ደግሞ ምኒልክ በመጣበት ጊዜ ግንቡን ተከልሎ አልጠበቀም፤ ወጥቶ በስተምዕራብ ጨለንቆ ላይ በ1879 ዓ.ም. ተዋጋ፣ ተሸነፈም። ከተማዪቱ እጇን ሰጠች፣ አስተዳደሯም ለመኰንን ተሰጠ። የግንቡ ጌታ ራሱ ግንቡን ካላመነ፣ እኛ ከእርሱ ይልቅ ልናምነው አይገባም።

ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. ጀጎልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ 82 መስጊዶችንና 102 አውልያዎችን ቆጥሯል። እነዚህ ሁሉ ከ48 ሄክታር ባልበለጠ ስፍራ መቆማቸው ያስደንቃል፤ ግን በሮቹ ባይከፈቱ ኖሮ ምእመኑን ማን ይመግበው ነበር? ከጨለንቆ ድል በኋላ የመጣው አዲስ አስተዳደርም ግንቡን አላፈረሰውም፣ ከፍ አድርጎም አልሠራውም፤ ለአዲሱ መንገድ የሚሆን ስድስተኛ በር፣ ሐረር በር የሚባለውን፣ ከፈተበት እንጂ።