ከውጫሌ ውል እስከ ሥራ ሜዳ፤ ያልተመሳከረ ቃል የሚያስከትለው ጥፋት

መግቢያ

ተናጋሪና አድማጭ ተግባብተናል ብለው ከተለያዩ በኋላ አለመግባባታቸው ሲገለጥ፣ ጥፋቱ የሚታረመው በቃል ሳይሆን በገንዘብና በጊዜ፣ አንዳንድ ጊዜም በሰው ሕይወት ነው። ግልጽ ጠብ ከመጀመሪያው ስለሚታይ ሽማግሌ ይገባበታል፤ ዳኛም ይዳኘዋል። ተግባብተናል በሚል እምነት የተሸፈነ አለመግባባት ግን ጠያቂ ስለሌለው እያደር ሥር ይሰዳል። የምህንድስና ሙያ ከሐሳብ ወደ ወረቀት፣ ከወረቀት ወደ አፍ፣ ከአፍም ወደ እጅ በሚተላለፍ መልእክት ላይ የቆመ በመሆኑ ከዚህ አደጋ የራቀ አይደለም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከታሪክ የታወቁ ጥቂት ጉዳዮችን በማንሣት አንድ ነጥብ ለማስረዳት ነው፤ ይኸውም የአለመግባባት ዋነኛ መንሥኤ የቃል ማነስ ሳይሆን፣ የተነገረውና የተሰማው ሳይመሳከሩ መቅረታቸው ነው የሚል ነው። ወደ ጉዳዩ ከመግባታችን በፊት አንባቢ እንዲገነዘበው የሚያስፈልግ ነገር አለ። ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ብቻ ሲጻፍ የኢትዮጵያን አቆጣጠር፣ «እ.ኤ.አ.» ሲቀድመው ደግሞ የአውሮፓውያንን አቆጣጠር ያመለክታል። ይህን አስቀድሞ መናገር ራሱ የጽሑፉ ትምህርት አንድ ክፍል መሆኑ ወደ መጨረሻው ግልጽ ይሆናል።

የውጫሌ ውል አንቀጽ 17

ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በወሎ ውስጥ ውጫሌ በተባለው ስፍራ፣ በዳግማዊ ምኒልክና በኢጣልያ መንግሥት መልእክተኛ በኮንት ፒየትሮ አንቶኔሊ መካከል የተፈረመው ውል 20 አንቀጾች ነበሩት። ውሉ የተጻፈው በአማርኛና በኢጣልያንኛ ነው። የአማርኛው አንቀጽ 17 የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት መላላክ እንደሚቻላቸው ይገልጻል። የኢጣልያንኛው ግን ንጉሠ ነገሥቱ በኢጣልያ መንግሥት አማካይነት ለመገልገል ተስማምተዋል የሚል ፍች ነበረው፤ የሮማ መንግሥትም ይህን ቃል እንደ ግዴታ ተረጎመው። የመጀመሪያው ቃል በር ከፋች ሲሆን፣ ሁለተኛው ከዚያ በር በስተቀር ሌላውን ሁሉ የሚዘጋ ሆነ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ነጻ መንግሥትና የአንድ ጥገኛ ግዛት ልዩነት ነበር።

የኢጣልያ መንግሥት በጥቅምት ወር 1882 ዓ.ም. አንቀጹን ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀ። ይህንንም ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1885 የተፈረመውን የበርሊን ጉባኤ አጠቃላይ ውል አንቀጽ 34 በመጥቀስ ነበር። በዚያው ወር በ25ኛው ቀን ዘውድ የጫኑት ምኒልክ ይህን ሳያውቁ፣ ንግሣቸውን ለአውሮፓ ነገሥታት በታኅሣሥ ወር በደብዳቤ ገለጹ። ከእንግሊዝና ከጀርመን የተመለሰው መልስ ግን የወደፊቱ መላላክ በኢጣልያ በኩል መሆን እንደሚገባው የሚያሳስብ ሆነ። ምኒልክ በመስከረም 1883 ዓ.ም. ለኢጣልያ ንጉሥ ለቀዳማዊ ኡምቤርቶ የተቃውሞ ደብዳቤ ሲጽፉ፣ ከፊርማው ቀን ጀምሮ ከ16 ወራት በላይ አልፎ ነበር። ድርድሩ ፍሬ ባለማስገኘቱ በየካቲት 1885 ዓ.ም. ውሉን መሻራቸውን አስታወቁ። ነገሩ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ በጦር ተለየ፤ በጥቅምት 1889 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው የሰላም ውልም የውጫሌን ውል ፈጽሞ ሰረዘው።

ጦርነቱ የተነሣው ከአንድ ግሥ ነው ማለት ግን ታሪክን ማሳነስ ይሆናል። ኢጣልያ ምጽዋን የያዘችው በ1877 ዓ.ም.፣ ውጫሌ ከመፈረሙ በፊት ነው፤ የቅኝ ግዛት ፍላጎቷም ከውሉ የቀደመ ነው። ልዩነቱ በተንኮል የገባ ነው ወይስ በትርጉም ስሕተት በሚለው ነጥብ ላይም የታሪክ ሊቃውንት ተከራክረዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ዓመታት ስዊድናዊው ስቬን ሩቤንሰንና ኢጣልያዊው ካርሎ ጂሊዮ ያካሄዱት ክርክር በዚህ ረገድ የታወቀ ነው።

ለእኛ ለባለሙያዎች ግን ከአንቀጽ 17 ይልቅ ትምህርት የሚሰጠው አንቀጽ 19 ይመስለኛል። ይህ አንቀጽ የአማርኛውና የኢጣልያንኛው ጽሑፍ ፍጹም የተስማሙ በመሆናቸው ሁለቱም እኩል እንዲታመኑ ይደነግጋል። ስምምነቱ የታወጀ እንጂ በማናቸውም መንገድ የሚፈተን አልነበረም። የአማርኛውን ወደ ኢጣልያንኛ፣ የኢጣልያንኛውንም ወደ አማርኛ መልሶ የሚተረጉምና ሁለቱን ቃል በቃል የሚያመሳክር ሦስተኛ ሰው እንዲኖር ውሉ አላዘዘም። ቢታዘዝ ኖሮ፣ ስሕተት ከሆነ ስሕተቱ፣ ተንኮልም ከሆነ ተንኮሉ ከፊርማው በፊት በተገለጠ ነበር። የማመሳከር ጥቅሙም ይህ ነው፤ የሌላውን ወገን ቅንነት ወይም ክፋት ማወቅን አይጠይቅም።

ሦስቱ እንቅፋቶች

አሜሪካዊው መሐንዲስና የሒሳብ ሊቅ ክሎድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1948 ባወጣው ጥናቱ መልእክት በመስመር ላይ ሲተላለፍ ሁከት እንዴት እንደሚያበላሸውና ብልሽቱ እንዴት እንደሚታረም በሒሳብ አሳየ፤ የመልእክቱ ትርጉም ግን ከጥናቱ ውጭ መሆኑን በግልጽ አስታወቀ። ዋረን ዊቨር በሚቀጥለው ዓመት ይህን አስፋፍቶ የመግባባትን ጉዳይ በሦስት ደረጃዎች ከፈለው። የመጀመሪያው ምልክቱ በትክክል ደርሷል ወይ፣ ሁለተኛው የተፈለገው ትርጉም ተላልፏል ወይ፣ ሦስተኛው የተቀበለው ሰው የሚገባውን አድርጓል ወይ የሚል ነው። ለእያንዳንዱ ደረጃ ከቅርብ ዘመን ታሪክ አንዳንድ ምሳሌ እንመልከት።

እ.ኤ.አ. መጋቢት 27 ቀን 1977 በካናሪ ደሴቶች በቴነሪፍ አውሮፕላን ማረፊያ፣ በጭጋግ ውስጥ፣ ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች መንደርደሪያው ላይ ተጋጭተው 583 ሰዎች ሞቱ። የሆላንዱ አውሮፕላን ረዳት አብራሪ የተሰጠውን የጉዞ መመሪያ ከደገመ በኋላ፣ መነሻ ላይ ነን የሚል ትርጉም ሊሰጠው የሚችል ቃል ጨመረ። የመቆጣጠሪያ ማማው ሠራተኛ ቃሉን «ለመነሣት ተዘጋጅተን ቆመናል» ብሎ ስለ ተረዳው «ኦኬ» ሲል መለሰ። አውሮፕላኑ ግን መንደርደር ጀምሮ ነበር። ማማው ቀጥሎ ቆይ ሲል፣ የአሜሪካውም አውሮፕላን ገና መንደርደሪያው ላይ መሆኑን ሲያስታውቅ፣ ሁለቱ ድምፆች በአንድ ቅጽበት ተደራርበው በሆላንዱ አውሮፕላን ውስጥ የተሰማው ጩኸት ብቻ ሆነ። የበረራ መሐንዲሱ ያኛው አውሮፕላን ከመንደርደሪያው አልወጣም ይሆን ሲል ጠይቆ ነበር። ዋናው አብራሪ፣ በኩባንያው የታወቀ አሠልጣኝ የነበረው ሰው፣ ወጥቷል ሲል አስረግጦ መለሰለት፤ መሐንዲሱም ዝም አለ። እዚህ ላይ የሬዲዮ ሁከት፣ የቃል አሻሚነትና የማዕረግ ክብደት ሦስቱም በአንድ ደቂቃ ውስጥ ተገናኙ።

ለትርጉም እንቅፋት ምሳሌ የሚሆነው ማርስ ክላይሜት ኦርቢተር የተባለው መንኮራኩር ነው። መንኮራኩሩ እ.ኤ.አ. መስከረም 23 ቀን 1999 ማርስ አጠገብ ጠፋ። አንደኛው ወገን የሞተሩን ግፊት በእንግሊዝ መለኪያ በፓውንድ ሲያስረክብ፣ ተረካቢው በኒውተን የቀረበ አድርጎ ቆጠረው። በሁለቱ መካከል ያለው ብዜት 4.45 ያህል ነው። መንኮራኩሩም በ226 ኪሎ ሜትር ከፍታ ማለፍ ሲገባው እስከ 57 ኪሎ ሜትር ድረስ ወርዶ እንደ ነበር በስሌት ታወቀ። ምልክቱ አንድም አኃዝ ሳይጎድልበት በትክክል ደርሷል፤ ያልደረሰው ትርጉሙ ነው።

ሦስተኛው ምሳሌ ከሁሉ ይበልጥ ለእኛ የቀረበ ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 17 ቀን 1981 በአሜሪካ ካንሳስ ሲቲ ከተማ በሚገኝ አንድ ትልቅ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ተንጠልጣይ መተላለፊያዎች ተደርምሰው 114 ሰዎች ሲሞቱ ከ200 በላይ ቆሰሉ። በመጀመሪያው ንድፍ የአራተኛውና የሁለተኛው ፎቅ መተላለፊያዎች ከጣሪያ በሚወርዱ ወጥ የብረት ዘንጎች ላይ ይንጠለጠሉ ነበር። ለሥራ አመቺነት ሲባል ዘንጉ ለሁለት ተከፈለ፤ የታችኛው መተላለፊያ ከጣሪያው መንጠልጠሉ ቀርቶ ከላይኛው መተላለፊያ ቢም ላይ ተንጠለጠለ። በዚህ ለውጥ በአራተኛው ፎቅ ቢም ሥር ያለው ዳዶ የራሱን ፎቅ ብቻ ሳይሆን የታችኛውንም ጭነት እንዲሸከም ተገደደ፤ ጭነቱ እጥፍ ሆነ። ምርመራው የመጀመሪያው ንድፍ ራሱ የከተማዪቱ ሕግ ከሚጠይቀው ጥንካሬ ያነሰ እንደ ነበር አረጋገጠ። መገጣጠሚያውን ብረት ሠሪው መሐንዲሱ አስልቶታል ብሎ አሰበ፤ መሐንዲሱም ብረት ሠሪው ያሰላዋል ብሎ አሰበ፤ ዝርዝር ንድፉም ማኅተም ተደርጎበት አለፈ። ማኅተሙ የሠራው የውጫሌን አንቀጽ 19 ሥራ ነው፤ ያልተመረመረውን ተመርምሯል አሰኘ።

መፍትሔው ምንድን ነው?

አንደኛ፣ የተባለውን መድገምና የተደገመውን መርምሮ ማጽደቅ ነው። ይህ ለእኛ ባዕድ ሥርዓት አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤታችን ተማሪው መምህሩ ፊት ተቀምጦ የተማረውን በቃሉ ያወርዳል፤ መምህሩ እየሰማ ያርመዋል። የብራና መጽሐፍም ጸሐፊው ስለ ጨረሰው ብቻ አይታመንም፤ ከምንጩ ጋር እየተነበበ ይታረማል። በሥራ ሜዳ ግን ፎርማኑ ለፌራዮው መመሪያ ሰጥቶ የሚጠይቀው «ገባህ?» ብሎ ነው። ለዚህ ጥያቄ በይሉኝታ የማይሰጥ መልስ «አልገባኝም» የሚለው ነው። ስለዚህ ጥያቄው «እስቲ ስታፋውን በስንት ሳንቲ ሜትር ርቀት ነው የምታስረው?» ወደሚል ቢለወጥ፣ መልሱ ራሱ ስሕተቱን ያወጣዋል። ከቴነሪፍ አደጋ በኋላ የአቪዬሽን ዓለም ከወሰዳቸው እርምጃዎች አንዱ ከዚሁ ጋር የሚስማማ ነው፤ መነሣት የሚለው ቃል ለመነሣት ፈቃድ ሲሰጥ ወይም ፈቃዱ ሲሰረዝ ብቻ እንዲነገር ተወሰነ፤ እሺታም መመሪያን በመድገም እንጂ «ኦኬ» በማለት ብቻ እንዳይገለጽ ተደረገ።

ሁለተኛ፣ ጽሑፍ በሁለት ቋንቋ ሲዘጋጅ የትኛው የበላይ እንደሚሆን አስቀድሞ መወሰን ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 106 የአማርኛው ቅጂ የመጨረሻ ሕጋዊ ኃይል እንዲኖረው ደንግጓል። የዓለም አቀፍ አማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን፣ ማለት ፊዲክ፣ ያዘጋጃቸው የግንባታ ውሎችም ገዢው ቋንቋ በውሉ እንዲጠቀስ ይጠይቃሉ። ይህ ማመሳከርን አይተካም፤ ማመሳከር ያመለጠው ስሕተት ግን ዳኛ እንዳያጣ ያደርጋል።

ሦስተኛ፣ አኃዝን ያለ መለኪያው፣ ቀንን ያለ አቆጣጠሩ፣ ሰዓትን ያለ መነሻው አለመጻፍ ነው። «ነገ በ2 ሰዓት ኮንክሪት ይሞላል» የሚለው ቃል ለአገሩ ሰው ጧት፣ ለውጭ አገር ባለሙያ ደግሞ ከቀትር በኋላ ማለት ነው። በሁለቱ መካከል 6 ሰዓት አለ፤ የተቦካ ኮንክሪት ደግሞ ይህን ያህል ጊዜ አይጠብቅም። በሁለቱ የዘመን አቆጣጠሮች መካከል ያለው የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነትም በውል ሰነድ ላይ ሲወድቅ ቀላል አይሆንም።

አራተኛ፣ ፊርማ ምን ማለት እንደ ሆነ በጽሑፍ መለየት ነው። «አይቼዋለሁ»፣ «አስልቼዋለሁ» እና «ፈቅጃለሁ» ሦስት የተለያዩ ኃላፊነቶች ናቸው። ንድፍ በተለወጠ ቁጥር ስሌቱን የሠራው ማን እንደ ሆነ በስም ካልተጻፈ፣ በሁለት ባለሙያዎች መካከል ያለ ሥራ የማንም ሳይሆን ይቀራል።

አምስተኛውና ምናልባት ከሁሉ የሚከብደው፣ ታናሽ ታላቁን ያለ ፍርሃት የሚጠይቅበትን ሥርዓት ማቆም ነው። አባቶቻችን «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ብለዋል፤ እነርሱው ግን «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» ሲሉም አስተምረዋል። በሥራ ሜዳ የሚበጀን ሁለተኛው ነው። ጥያቄ እንደ ድፍረት በሚቆጠርበት መሥሪያ ቤት ስሕተትን ያየ ወጣት ዝም ይላል፤ ዝምታውንም አለቃው እንደ ስምምነት ይቆጥረዋል።

መደምደሚያ

በአሁኑ ዘመን በአገራችን በሚካሄዱ ትልልቅ ሥራዎች ላይ ውሉ በእንግሊዝኛ ይጻፋል፤ ተቋራጩ በራሱ ቋንቋ ያስባል፤ ትእዛዙ በአማርኛ ይተላለፋል፤ ሠራተኛው ደግሞ ብዙ ጊዜ በአፍ መፍቻው በሌላ ቋንቋ ይቀበለዋል። አንድ መመሪያ ከቢሮ ተነሥቶ ብረት አሳሪው እጅ እስኪደርስ ሦስትና አራት ጊዜ ይተረጎማል፤ በየትርጉሙም መካከል ትንሽ አንቀጽ 17 ሊፈጠር ይችላል። ስለሆነም ማኅበራችን ለአባላቱ አንድ አጭር የማመሳከሪያ ቅጽ ቢያዘጋጅ የሚደገፍ ነው። ቅጹ የተነገረው ምን እንደ ነበር፣ ተቀባዩ ምን ብሎ እንደ ደገመው፣ መለኪያውና አቆጣጠሩ ምን እንደ ሆነ፣ ስሌቱንም ማን እንደ ሠራው የሚመዘገብበት ከአንድ ገጽ የማይበልጥ ወረቀት ቢሆን ይበቃል። ይህን ለመሙላት የሚጠፋው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው፤ አንድ የቆመ ዓምድ አፍርሶ እንደገና ለመሥራት ከሚጠፋው ጊዜ ጋር ግን የሚወዳደር አይደለም።