ደጁ ሲከፈት

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ትልቅ ሰው ትልቅ ቤት ይሠራል፤ ሰውዬው ያልፋል፤ ቤቱ ይቀራል። የቀረውም ቤት ለማን እንደሚሆን ማሰብ ይገባል።

እኔ የተወለድሁት በመንጌ፥ በበርታ አገር ነው። ወደ አዲስ አበባ በመጣሁ ጊዜ በመስቀል አደባባይ አጠገብ ያለውን የራስ ብሩን ቤት ለማየት ሄድሁ። ራስ ብሩ በንጉሡ ዘመን የጦር ሚኒስትር የነበሩ ሰው ናቸው። ዱሮ ያልተጠራ የማይገባበት ይህ ቤት፥ ከተማዪቱ 100ኛ ዓመቷን ባከበረችበት በ1979 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሙዚየም ሆነ። እኔም የገበሬው ልጅ ማንም ሳይከለክለኝ ገባሁ፤ ደስም አለኝ።

ነገር ግን የመኳንንቱን ሥዕል እያየሁ ስዞር የአገሬ ሰዎች ትዝ አሉኝ። ራስ መኰንን በ1890 ዓ.ም. ቤንሻንጉልን ካስገበሩ በኋላ፥ አገራችንን ለብዙ ዘመን የገዙት ሼኽ ኾጀሌ አል ሐሰን ወርቅ ይገብሩ ነበር፤ ሸጎሌ የሚባለውም የአዲስ አበባ ሰፈር የተጠራው በስማቸው ነው። ከወርቁ ጋራ ግን ሰውም ለባርነት ይነዳ ነበር፤ ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። የገዢውን ስም ሰፈሩ ይዞታል። ወርቁን ከአሸዋ አጥባ ያወጣችውን ሴት፥ በየጌታውም ቤት ውሃ የቀዳውንና እህል የፈጨችውን ማን በስማቸው ይጠራቸዋል?

እንዲህ ብዬ ሌላውን ልወቅስ ስል ኅሊናዬ ወቀሰኝ። አያቴ ያን ዘመን ከእናቷ ሰምታ ታውቅ ነበር፤ እኔ ግን አንድ ቀን ስንኳ ቁጭ ብዬ አልጠየቅኋትም። በሞተች ጊዜም ቅሏንና ወፍጮዋን እንደ ጥራጊ ጣልናቸው፤ ጎጆዋንም አፍርሰን የቆርቆሮ ቤት ሠራን። የጌቶች ቤት ደጅ ሲከፈት ደስ ያለኝ ሰው፥ የገዛ ቤቴን ደጅ በእጄ ዘግቻለሁ።

ስለዚህ፥ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፤ የታላላቆቹ ቤት ተጠብቆ ለሁሉ መከፈቱ መልካም ነገር ነው። ሆኖም ግንቡ ብቻውን አይናገርም፤ የሚናገርለት ሰው ይሻል። አያቶቻችሁ በሕይወት ሳሉ አጠገባቸው ተቀምጣችሁ ጠይቁ፤ የነገሯችሁንም ጻፉ። እናንተ ከጻፋችሁ፥ ነገ ከጌታው ሥዕል ጎን የአገልጋዩም ስም ይገኛል።