ከበሮና ኤሌክትሪክ ጊታር፦ የሳንታና የሙዚቃ ቡድን ጉዞ

ማናቸውም የሙዚቃ ስልት ከአንድ ግለሰብ አእምሮ ብቻ የሚፈልቅ አይደለም። ሕዝቦች በባርነት ሲጋዙ፣ ለእንጀራ ሲሰደዱ፣ በባዕድ አገር ከማያውቋቸው ሰዎች ጋር ጎን ለጎን ሲኖሩ፣ የተሸከሙት ቅርስና የገጠማቸው ኑሮ ተዋሕዶ የሚወልደው የጋራ ሀብት ነው። በ1960ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ላይ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ የተነሣው የሳንታና የሙዚቃ ቡድን ለዚህ እውነት ጉልህ ምስክር ነው። ይህ ቡድን የኩባንና የፖርቶሪኮን ከበሮ ከከባዱ የሮክ ሙዚቃ ጋር አጣምሮ ለዓለም አሰምቷል። ታሪኩም አንድ መሠረታዊ ጥያቄ ያስነሣል፦ ከጭቁኖች መካከል የተወለደ ሙዚቃ በትላልቅ የሸክላ ኩባንያዎች እጅ ገብቶ ዓለምን ሲዞር የማን ሆኖ ይቀራል? (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የከበሮው ሥረ መሠረት

በሳንታና ሙዚቃ ውስጥ ጎልቶ የሚሰማው ኮንጋ የተባለው ረዥም ከበሮ ታሪኩ የሚጀምረው ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ ነው። ወደ ኩባ የሸንኮራ አገዳ እርሻዎች በሰንሰለት ታስረው የተጋዙት አፍሪካውያን ንብረታቸውን፣ ስማቸውንና ነፃነታቸውን ቢነጠቁም የምታቸውን ሥርዐት ግን የሚነጥቃቸው አልተገኘም። አምስት ምቶችን ሦስትና ሁለት አድርጎ የሚያከፋፍለውና ክላቬ የሚባለው የምት ሥርዐት የኩባ ሙዚቃ የጀርባ አጥንት ሆኖ የኖረው በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህ ቅርስ ከስደተኞች ጋር ወደ ኒውዮርክ ተሻገረ። በ1940ዎቹ ዓመታት ማቺቶና ማሪዮ ባውሳ የኩባን ምት ከጃዝ ጋር አዋሐዱ። ከፖርቶሪኮ ስደተኞች በኒውዮርክ የተወለደው ቲቶ ፑዌንቴም ቲምባሌስ የሚባሉትን ባለ ብረት አካል ከበሮዎች ከኦርኬስትራው ኋላ አውጥቶ ፊት ለፊት አቆማቸው። በ1960ዎቹ አጋማሽ የአገራችን የሙዚቃ ሰው ሙላቱ አስታጥቄ በዚያው ከተማ የኢትዮጵያን ቅኝት ከላቲን ምት ጋር ማጣመር የጀመረውና በ1966 «አፍሮ ላቲን ሶል» የተሰኙትን ሸክላዎች ያሳተመው ከዚሁ ምንጭ በመቅዳት ነበር።

የቡድኑ አመሠራረት

ካርሎስ ሳንታና በ1947 በሜክሲኮ፣ በሐሊስኮ ክፍለ ሀገር፣ አውትላን በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ የማሪያቺ ሙዚቃ ቫዮሊን ተጫዋች ስለነበሩ የመጀመሪያ ትምህርቱን ያገኘው ከእርሳቸው ነው። ቤተሰቡ ወደ ድንበር ከተማዋ ወደ ቲዋና ከተዛወረ በኋላ ግን ወጣቱ ቫዮሊኑን ትቶ ጊታር አነሣ። በዚያ ከሐቪየር ባቲስ የጊታር አጨዋወት ተማረ፤ ድንበር ተሻግሮ የሚመጣውን የጥቁር አሜሪካውያንን ብሉዝም በምሽት ክበቦች ይጫወት ጀመር። ቤተሰቡ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ሲሰደድ ሚሽን በተባለው፣ የላቲን አሜሪካ ስደተኛ ሠራተኞች በሚበዙበት ሠፈር ኑሮውን መሠረተ። ካርሎስም እየተማረና በምግብ ቤት ሳሕን እያጠበ ሙዚቃውን ቀጠለ።

በ1966 የተቋቋመው ቡድን በመጀመሪያ የሳንታና ብሉዝ ባንድ ይባል ነበር። የሙዚቀኞች ማኅበር ደንብ አንድ መሪ በስም እንዲመዘገብ ይጠይቅ ስለነበር ነው እንጂ፣ አባላቱ ራሳቸውን የሚያዩት በእኩልነት እንደሚሠራ ኅብረት ነበር። ከጥቂት መለዋወጥ በኋላ በ1969 የጸናው ስብስብ የአባላቱን የተለያየ ትውልድ ያንጸባርቃል። ኦርጋን ተጫዋቹና ድምፃዊው ግሬግ ሮሊ፣ ድራም መቺው ማይክል ሽሪቭ፣ ባስ ጊታር ተጫዋቹ ዴቪድ ብራውን፣ ኮንጋ መቺው ማይክል ካራቤዮ እንዲሁም ከኒካራጓ የመጣው የቲምባሌስ ሊቅ ሆሴ ቼፒቶ አሬያስ ነበሩበት። ነጭ፣ ጥቁርና የላቲን ተወላጅ በአንድ መድረክ ላይ መቆማቸው የዘር መድልዎ በሠፈነበት አገር ራሱን የቻለ ትርጉም ነበረው።

የድምፁ አሠራር

የአዲሱ ስልት ምስጢር በሥራ ክፍፍሉ ላይ ነው። በተለመደው የሮክ ሙዚቃ አንድ ድራም መቺ የምቱን ሸክም ሁሉ ለብቻው ይሸከማል። በሳንታና ቡድን ግን ድራሙ፣ ኮንጋውና ቲምባሌሱ የየራሳቸውን ምት ይዘው እርስ በርስ ይነጋገራሉ። ባስ ጊታሩ አጭር ሐረግ እየደጋገመ መሬቱን ያጸናል፤ ኦርጋኑ በኩባ ሙዚቃ ፒያኖው የሚይዘውን ቦታ ይይዛል። ኤሌክትሪክ ጊታሩ ደግሞ አንዱን ድምፅ ሳያቋርጥ ረዥም አድርጎ በመሳብ እንደ ሰው ድምፅ ያንጎራጉራል። በዚህ ዓይነት ከባድነቱ ከጩኸት ሳይሆን ከምቶቹ መደራረብ ይመጣል።

ነሐሴ 1969 በዉድስቶክ በተካሄደው ታላቅ የሙዚቃ በዓል ላይ ቡድኑ ሲቀርብ የመጀመሪያ ሸክላው ገና ለሕዝብ አልደረሰም ነበር። በመቶ ሺህ የሚቆጠረው ሕዝብ «ሶል ሳክሪፋይስ» የተባለውን ያለ ግጥም የተቀናበረ ሙዚቃ ሲሰማ ቡድኑ በአንድ ቀን ታወቀ። የሃያ ዓመቱ ሽሪቭ በዚህ ሙዚቃ ውስጥ ያቀረበው የድራም ጨዋታ በ1970 በወጣው ፊልም አማካይነት በዓለም ዙሪያ ታየ።

በዚያው ዓመት የወጣው የመጀመሪያ ሸክላ ናይጄሪያዊው ባባቱንዴ ኦላቱንጂ ቀደም ሲል የተጫወተውን «ጂንጎ» ያካትት ነበር። በ1970 የታተመው «አብራክሳስ» በአሜሪካ የሸክላ ሽያጭ አንደኛ ደረጃ ያዘ። በውስጡም የእንግሊዛዊው ፒተር ግሪን «ብላክ ማጂክ ዉመን» ከሃንጋሪው ተወላጅ ከጋቦር ሳቦ ሥራ ጋር ተጣምሯል። የቲቶ ፑዌንቴ «ኦዬ ኮሞ ቫ»ም በኤሌክትሪክ ጊታር ታድሶ ቀርቧል። ይህ የቻ ቻ ቻ ዜማ በበኩሉ ከኩባዊው ከካቻኦ ሥራ የተቀዳ መነሻ ያለው ነው። ስለዚህ አንዲት አጭር ዜማ ከሃቫና ወደ ኒውዮርክ፣ ከኒውዮርክ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ተጉዛ በየደረሰችበት አዲስ ልብስ ለብሳለች ማለት ነው።

አክራና ሊማ

የ1971 ዓ.ም. ሁለት ክንውኖች የዚህን ሙዚቃ ተቃራኒ ገጽታዎች ያሳያሉ። በመጋቢት ወር የጋና ነፃነት በዓል ሲከበር በአክራ የጥቁር ኮከብ አደባባይ «ሶል ቱ ሶል» የተሰኘ ታላቅ የሙዚቃ ዝግጅት ተካሄደ። ከጥቁር አሜሪካውያን ታላላቅ ድምፃውያን ጎን የሳንታና ቡድንም ተጫወተ። ከአፍሪካ የወጣው ምት መቶ ዓመታትን አልፎ፣ ውቅያኖስ ተሻግሮ፣ ከኤሌክትሪክ ጊታር ጋር ወደ እናት ምድሩ ተመለሰ።

በታኅሣሥ ግን የገጠመው ሌላ ነው። ቡድኑ በፔሩ መዲና በሊማ፣ በሳን ማርኮስ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ሊጫወት በደረሰ ጊዜ፣ በጄኔራል ቬላስኮ አልቫራዶ የሚመራው ወታደራዊ መንግሥት ዝግጅቱን ሰርዞ ሙዚቀኞቹን ከአገር አስወጣ። ይህ መንግሥት የመሬት ለውጥ ያወጀና የአገሬውን ሕዝብ ባህል ከፍ ለማድረግ የተነሣ ነበር። ሮክን የሚያየውም ወጣቱን ከራሱ የሚያርቅ የባዕድ ሸቀጥ አድርጎ ነው።

ይህ እርምጃ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። የሥጋቱ መነሻ እውነት ነበረ፤ የሰሜን አሜሪካ ኩባንያዎች የላቲን አሜሪካን ሬዲዮና ገበያ አጥለቅልቀው የአገሬውን ሙዚቀኛ ከመድረክ ይገፉ ነበር። ፍርዱ ግን ዒላማውን ስቷል። የተባረረው ሙዚቃ ሥሩ ከዚያው ክፍለ ዓለም ሕዝብ ላብና እንባ የመጣ ነውና። ነጋዴውን ለመምታት የተሰነዘረው በትር ያረፈው በሜክሲኮና በኒካራጓ ልጆች ላይ ነው። የባህል ጥበቃ መመዘኛው ሸቀጡን ማን ሸጠው የሚል ብቻ ከሆነ፣ ማን ሠራው የሚለው ጥያቄ ይዘነጋል።

መፈራረስና መታደስ

ቡድኑን ከውጪ ይልቅ የጎዳው የውስጡ ችግር ነበር። ድንገተኛው ገንዘብ፣ አደንዛዥ ዕፅና የአመራር ክርክር የወጣቶቹን ኅብረት ሸረሸሩት። ሦስተኛው ሸክላ በ1971 ወጥቶ አንደኛ ደረጃ ቢይዝም የመጀመሪያው ስብስብ ብዙ ሳይቆይ ተበተነ። ሮሊና ገና በልጅነቱ ቡድኑን የተቀላቀለው ጊታር ተጫዋች ኒል ሾን ወጥተው በ1973 ጆርኒ የተባለውን ቡድን መሠረቱ። ካርሎስ በበኩሉ የገበያውን ምክር ችላ ብሎ በ1972 ወደ ጃዝ ያዘነበለውን «ካራቫንሰራይ» አወጣ። ከዚያ ወዲህ ሳንታና የኅብረት ስም መሆኑ ቀርቶ በአንድ መሪ ዙሪያ የሚለዋወጡ ሙዚቀኞች መጠሪያ ሆነ። ሆኖም የምቱ መሠረት አልተናጋም፤ በ1976 የወጣው «ኤውሮፓ» የተባለው የጊታር ዜማ ያለ አንዲት የግጥም ቃል በብዙ አገሮች ተወደደ።

ሐምሌ 1985 በአገራችን የደረሰውን የረኃብ አደጋ ለመርዳት «ላይቭ ኤይድ» ሲዘጋጅ ቡድኑ በፊላደልፊያ መድረክ ላይ ተሰልፏል። ሐምሌ 1987ም በሞስኮ ስለ ሰላም በተዘጋጀው የአሜሪካና የሶቪየት ሙዚቀኞች የጋራ መድረክ ላይ ተገኝቷል። በ1999 የወጣው «ሱፐርናቹራል» በተከታዩ ዓመት ዘጠኝ የግራሚ ሽልማቶችን ሲያስገኝ ካርሎስ ሃምሳ ዓመት አልፎት ነበር። በ2016 ከቀድሞዎቹ አባላት ሮሊ፣ ሾን፣ ሽሪቭና ካራቤዮ ከአርባ አምስት ዓመታት በኋላ ተመልሰው አራተኛውን ሸክላ በጋራ ሠሩ። በ2019 የወጣው ሥራ ደግሞ «አፍሪካ ትናገራለች» የሚል ትርጉም ያለው ርእስ ተሰጥቶታል። ግጥሞቹን ያዜመችውም ወላጆቿ ከኢኳቶሪያል ጊኒ የተሰደዱት ስፔናዊት ድምፃዊት ቡይካ ናት።

ማጠቃለያ

ከዚህ ጉዞ ለኪነ ጥበብ ሠራተኛው ሁለት ትምህርቶች ይገኛሉ። አንደኛ፣ የቡድኑ ትልቁ ፈጠራ የተወለደው ማንም ከማንም በላይ ሳይሆን ስድስት ሰዎች እርስ በርስ እየተደማመጡ በሠሩባቸው ጥቂት ዓመታት ነው። ኋላ የመጣው ዝናና ሽልማት ያንን ዘመን ተክቶ አያውቅም። ሁለተኛ፣ ሕዝባዊ ቅርስ ከሌላው ጋር ሲዋሐድ የሚጠፋው ሥሩን የማያውቅ ሰው ሲይዘው ነው እንጂ በመዋሐዱ አይደለም። የሸክላው ትርፍ የኩባንያዎች ሆኗል፤ ዝናውም በአንድ ሰው ስም ተመዝግቧል። ምቱ ግን ዛሬም የሚታወቀው በመጣበት መንገድ ነው፤ በአክራ፣ በሃቫና፣ በሚሽን ሠፈር። ያንን መንገድ ለተማሪው የሚያስተምር መምህርም ሆነ በመድረክ ላይ የሚያስታውስ ሙዚቀኛ ቅርሱን ለባለቤቱ ይመልሳል።