ሻምበል አበበ የታከመበት ክፍል

ዛሬም ከቂርያት ቫይዝማን ነኝ። እንደምታውቁት ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ለስፖርት ሕክምና ማኅበራችን ቫዓድ ልወዳደር ብዬ ቅጹን ከሞላሁ ሳምንት ሆነኝ፤ ግን አልላክሁትም። «በዚህ አነጋገሬ ማን ይመርጠኛል?» እያልኩ።

እስቲ የአንድ ሐኪም ታሪክ ላጫውታችሁ። ሉድቪግ ጉትማን አይሁዳዊ ነው፤ በፈረንጅ 1939 ከናዚ ጀርመን ሸሽቶ እንግሊዝ ገባ። በ1944 በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል የአከርካሪ ጉዳተኞችን ክፍል ከፈተ። ያኔ እንዲህ የተጎዳ ሰው ተኝቶ ሞቱን ነበር የሚጠብቀው። እሱ ግን ቀስት አስያዛቸው! ጨዋታ እንዳይመስላችሁ፤ ክንድና ትከሻን ያጠነክራል፣ ተቀምጦ ሚዛን መጠበቅን ያስተምራል። በ1948 16 ሰዎች ተወዳደሩ፤ ፓራሊምፒክ ከዚያ ነው የመጣው። በ1968 ደግሞ ውድድሩ እዚሁ እስራኤል ተደረገ።

በዓመቱ ሻምበል አበበ ቢቂላ በመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። ለሕክምና የተላከው ወዴት ይመስላችኋል? እዚያው ስቶክ ማንደቪል። በ1970 በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በቀስት ተወዳደረ፤ ያ የሮም ባለ ባዶ እግር ጀግና።

ጉትማን በ1961 የፓራፕሌጂያ ሐኪሞች ዓለም አቀፍ ማኅበር ሲመሠረት የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ነበር። እንግሊዝኛውን በጀርመንኛ ቅላጼ ነበር የሚናገረው።

ቅጹ የሚዘጋው ሐሙስ ነው። ዛሬ ማታ እልከዋለሁ።