ፖስተኛውና ሠዓሊዋ

እንጉዳይ ብለን የምንለቅመው ፍሬውን ብቻ ነው፤ ዋናው አካሉ እንደ ክር ቀጥኖ ከአፈር ሥር ተሰውሮ ይኖራል። ስለ እንግሊዛዊቷ ቢያትሪክስ ፖተር ባነበብሁ ቁጥር ይህ ይታወሰኛል። ዓለም የሚያውቃት ፒተር ራቢት በተባለው የጥንቸል ተረቷ ነው። እኔን የሚማርኩኝ ግን ከዚያ አስቀድማ የሣለቻቸው እንጉዳዮች ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1892 በስኮትላንድ፣ በደንኬልድ፣ ከቻርልስ ማኪንቶሽ ጋር ተገናኘች። ማኪንቶሽ ጡረታ የወጣ ፖስተኛ ነበር፤ ደብዳቤ ለማድረስ ዘመኑን ሙሉ በእግሩ ሲመላለስ የአገሩን ዕፀዋት ጠንቅቆ አውቋል። ከዚያ በኋላ እርሱ እንጉዳዮችን በፖስታ ወደ ለንደን ይልክላት፣ እርሷም ሥላ ቅጂውን ትሰድለት ጀመር። የውስጡ አሠራር እንዲታይ እንጉዳዩን ሰንጥቃ እንድትሥል የመከራትም እርሱ ነው።

በ1897 የእንጉዳይ ስፖር፣ ያ ዱቄት መሳይ ዘሩ፣ እንዴት እንደሚበቅል የጻፈችው ጥናት ለለንደን ሊኒየን ማኅበር ቀረበ። በጉባኤው ሴት አትገኝም ነበርና ጆርጅ ማሲ የተባለ የኪው ባለሙያ አቀረበላት። ጥናቱን መልሳ ወሰደችው፤ ሳይታተምም ጠፍቶ ቀረ።

ሥዕሎቹ ግን ተረፉ። በ1943 ዐረፈች፤ በ1967 ደግሞ 59 ሥዕሎቿ በአንድ የእንጉዳይ መጽሐፍ ታተሙ። ለፖስተኛው የሰጠቻቸውም በፐርዝ ሙዚየም ይገኛሉ። አንዲት ሠዓሊ ብቻዋን የሠራችው የሚመስለን ይህ ውበት፣ የአንድ ፖስተኛ እግርና ዓይንም አለበት። ሥዕሉን ስናደንቅ እርሱንም እናስብ።