ናይሮቢ ውስጥ ለጌም እና ለቀጥታ ሥርጭት የሚሆን ኮምፒውተር ለመገጣጠም ምን ማወቅ ያስፈልጋል?

በናይሮቢ መሀል ከተማ ከሞይ ጎዳና ወደ ሉቱሊ ጎዳና የሚሻገር ሰው የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ሳያይ ብዙ እርምጃ አይራመድም። በትንንሽ ሱቆች በተከፋፈሉ ፎቆች ውስጥ ስልክ፣ ድምፅ ማጉያ፣ ያገለገለ ላፕቶፕ እና የኮምፒውተር መለዋወጫ ጎን ለጎን ይሸጣሉ።

ወደነዚህ ሱቆች ከሚዘልቁት መካከል የቪዲዮ ጌም ለመጫወት ብቻ ሳይሆን ጨዋታቸውን በዩቲዩብ፣ በቲክቶክ ወይም በትዊች በቀጥታ ለማሰራጨት ያሰቡ ወጣቶች ይገኙበታል። ተስፋቸው መሠረት የሌለው አይደለም። 'ኩዊን አሮው' በሚል ስም የምትታወቀው የ'ቴከን' ተጫዋች ሲልቪያ ጋቶኒ በአውሮፓውያኑ 2018 ከዓለም አቀፍ የኢ-ስፖርት ቡድን ጋር በመፈራረም የመጀመሪያዋ ኬንያዊት ሆናለች። የአገሪቱ መንግሥትም ዘርፉን እንደ ገቢ ምንጭ ስለተመለከተው በ2023 ባወጣው የፋይናንስ ሕግ ነዋሪዎች ከዲጂታል ይዘት በሚያገኙት ክፍያ ላይ የ5 በመቶ ቅድመ ግብር ጥሏል።

ይሁን እንጂ ለብዙዎች እንዲህ ያለው ኮምፒውተር የወራት፣ አንዳንዴም የዓመታት ቁጠባ ውጤት ነው። እርስ በርስ የማይገጣጠሙ ክፍሎችን የገዛ፣ ወይም ሐሰተኛ ካርድ የተሸጠለት ሰው ገንዘቡን መልሶ ለማግኘት ይቸገራል። በመሆኑም ከግዢው በፊት የሚከተሉትን ነጥቦች ማጤን ይጠቅማል።

ኮምፒውተሩ ምን ሊሠራ ነው?

የመጀመሪያው ጥያቄ ዋጋ ሳይሆን ሥራ ነው። እንደ 'ቫሎራንት' እና 'ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ' ያሉ የውድድር ጌሞች በመካከለኛ አቅም ባለው ኮምፒውተር ላይ በቂ ፍጥነት ያገኛሉ። እንደ 'ሳይበርፐንክ 2077' ያሉት ደግሞ ጠንካራ ግራፊክስ ካርድ ይጠይቃሉ።

ቀጥታ ሥርጭት ሌላ ሸክም ይጨምራል። ኮምፒውተሩ ጌሙን እያንቀሳቀሰ በተመሳሳይ ቅጽበት ምስሉን አምቆ በኢንተርኔት መስመር ላይ እንዲያልፍ ያዘጋጃል። ካሜራ፣ ማይክሮፎን እና የተመልካቾች መልዕክትም አብረው ይስተናገዳሉ። ለዚህ ሥራ በስፋት የሚያገለግለው 'ኦቢኤስ ስቱዲዮ' የተሰኘው ፕሮግራም ያለ ክፍያ የሚገኝ በመሆኑ ለሶፍትዌር ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም።

ፕሮሰሰር እና ማዘርቦርድ

ፕሮሰሰር እና ማዘርቦርድ ተነጣጥለው የሚመረጡ ዕቃዎች አይደሉም። ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበት ሶኬት ከማዘርቦርዱ ጋር የግድ አንድ ዓይነት መሆን አለበት።

የኤኤምዲ ኩባንያ 'ኤኤም4' የተሰኘው የቀድሞ ሶኬት 'ዲዲአር4' ራም ይቀበላል። ስድስት ኮር ያለው 'ራይዘን 5 5600' በዚህ ሶኬት ላይ የሚሠራ ሲሆን በዝቅተኛ በጀት ለሚገጣጥሙ ዛሬም የሚታሰብ ነው። በ2022 የመጣው 'ኤኤም5' ግን 'ዲዲአር5' ራም ብቻ ይቀበላል። ኩባንያው ይህንን ሶኬት ቢያንስ እስከ 2027 እንደሚደግፍ በማስታወቁ፣ ዛሬ 'ራይዘን 5 7600' የገዛ ሰው ወደፊት ማዘርቦርዱን ሳይቀይር ፕሮሰሰሩን ብቻ ሊያሻሽል ይችላል።

በኢንቴል በኩል 12ኛው፣ 13ኛው እና 14ኛው ትውልድ 'ኤልጂኤ 1700' የተባለውን ሶኬት ይጋራሉ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚሹ ሁለት ጉዳዮች አሉ። አንደኛው፣ ለዚህ ሶኬት የተሠሩ ማዘርቦርዶች አንዳንዶቹ ዲዲአር4፣ ሌሎቹ ዲዲአር5 ብቻ የሚቀበሉ መሆናቸው ነው። ሁለተኛው፣ ኢንቴል በ2024 በ13ኛው እና በ14ኛው ትውልድ አንዳንድ ፕሮሰሰሮች ላይ ከቮልቴጅ ጋር የተያያዘ ችግር መኖሩን አምኖ ማስተካከያ ማውጣቱና ዋስትናውን በሁለት ዓመት ማራዘሙ ነው። ከነዚህ ትውልዶች ያገለገለ ፕሮሰሰር የሚገዛ ሰው የማዘርቦርዱ 'ባዮስ' መታደሱን ሊጠይቅ ይገባል።

በስሙ መጨረሻ ላይ 'ኤፍ' የሚል ፊደል ያለው የኢንቴል ፕሮሰሰር የራሱ የምስል ክፍል የለውም። ግራፊክስ ካርድ ካልተገጠመለት ስክሪኑ ላይ ምንም አይታይም።

ግራፊክስ ካርድ

ከበጀቱ ከፍተኛውን ድርሻ የሚወስደው ይህ ክፍል ነው። ለቀጥታ ሥርጭት ሲታሰብ ከፍጥነቱ ባሻገር ሌላ መመዘኛ አለው፦ ምስል የሚያምቀው ራሱን የቻለ ክፍል።

የኤንቪዲያ ካርዶች 'ኤንቬንክ' የተባለ ለዚሁ ሥራ ብቻ የተመደበ ክፍል አላቸው። ይህ ክፍል ሸክሙን ከፕሮሰሰሩ ላይ ስለሚያነሳ ጌሙ ብዙም ሳይዘገይ ሥርጭቱ ይቀጥላል። በ2018 የወጡት የ'አርቲኤክስ 20' ካርዶች በዚህ ረገድ ጉልህ መሻሻል አሳይተዋል። 'ኤቪ1' የተባለውን አነስተኛ ዳታ የሚጠይቅ አዲስ የማመቂያ ስልት የሚጠቀሙት ግን ከ2022 ወዲህ የወጡት የኤንቪዲያ 'አርቲኤክስ 40'፣ የኤኤምዲ 'አርኤክስ 7000' እና የኢንቴል 'አርክ' ካርዶች ናቸው።

የካርዱ የራሱ ማህደረ ትውስታም መታየት አለበት። 8 ጊጋባይት ለውድድር ጌሞች ይበቃል፤ በርካታ አዳዲስ ከባድ ጌሞች ግን ከዚያ በላይ ይሻሉ። የ2021ዱ 'አርቲኤክስ 3060' እና በ2024 መጨረሻ የወጣው 'አርክ ቢ580' በ12 ጊጋባይት ይቀርባሉ። ሻጩ 'ስንት ጊጋባይት ነው?' ተብሎ ሳይጠየቅ ዋጋ መደራደር አይመከርም።

ራም እና ማከማቻ

ለጌም ብቻ 16 ጊጋባይት ራም መነሻ ነው፤ እየተጫወቱ ለሚያሰራጩ 32 ጊጋባይት ምቹ ነው። መጠኑን በአንድ ራም ከመግዛት ይልቅ በሁለት እኩል መክፈሉ ፍጥነት ይጨምራል።

ከ2025 መገባደጃ ጀምሮ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚገነቡ የዳታ ማዕከላት ከፍተኛ ፍላጎት የራም ዋጋን በዓለም ዙሪያ አንሮታል። ማይክሮን የተባለው አምራች 'ክሩሻል' በሚል ስም ለተራ ሸማቾች ያቀርብ የነበረውን ንግድ እንደሚያቆም በታኅሣሥ 2025 አስታውቋል። በዚህ ምክንያት ዛሬ በ16 ጊጋባይት ጀምሮ ሁለት ክፍት ቦታዎችን ለወደፊት የሚተው ማዘርቦርድ መምረጥ ብልህነት ነው።

ለማከማቻ የ'ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ' 1 ቴራባይት ተመራጭ ነው። የተቀረጹ ሥርጭቶችን ለማኖር ግን ርካሹ ሀርድ ዲስክ ያገለግላል። በሰከንድ 6 ሜጋቢት የሚተላለፍ የአንድ ሰዓት ሥርጭት ተቀርጾ ሲቀመጥ 2.7 ጊጋባይት ገደማ ይይዛል።

መብራት፦ ችላ የሚባለው ወጪ

በርካታ ገዢዎች ገንዘባቸውን በግራፊክስ ካርድ ላይ ጨርሰው ለፓወር ሰፕላይ የሚተርፋቸውን ይሰጣሉ። ነገር ግን ሌሎቹን ክፍሎች ሁሉ የሚመግበው እርሱ ነው፤ ጥራት የሌለው ሲቃጠል ሌሎችንም ይዞ ሊሄድ ይችላል።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። 'አርቲኤክስ 4060' እስከ 115 ዋት፣ 'ራይዘን 5 7600' ደግሞ እስከ 88 ዋት ይወስዳሉ። ማዘርቦርድ፣ ራም፣ ማከማቻ እና ፋኖች ተደምረውም ጠቅላላው 300 ዋት ገደማ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ኮምፒውተር '80 ፕላስ' የሚል የብቃት ምልክት ያለው 550 ዋት በቂ ነው። ከሳጥኑ ጋር 'በነፃ' የሚሰጥ፣ ክብደቱ የቀለለ ፓወር ሰፕላይ ላዩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ትልቅ ቢሆንም አያስተማምንም።

ኬንያ በነሐሴ 2023 አብዛኛውን የአገሪቱን ክፍል ለሰዓታት በጨለማ የዋጠ የኃይል መቋረጥ ገጥሟታል፤ የጆሞ ኬንያታ አውሮፕላን ማረፊያ ሳይቀር ተስተጓጉሎ ነበር። በየሰፈሩ የሚከሰተው መጥፋትና መመለስ ደግሞ የተለመደ ነው። በመሆኑም ዩፒኤስ የቅንጦት ዕቃ ተደርጎ ሊቆጠር አይገባም። 'ቪኤ' ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር ከዋት ጋር አንድ እንዳልሆነ መገንዘብ ያስፈልጋል፤ 1000 ቪኤ የሚለው በብዙዎቹ ላይ 600 ዋት ገደማ ነው። ይህም ሥርጭቱን በወጉ ለመዝጋት የሚያስችሉ ጥቂት ደቂቃዎችን ይሰጣል እንጂ ለሰዓታት አያስኬድም። የኢንተርኔት ራውተሩንም ከዩፒኤሱ ጋር ማገናኘት አይዘንጋ።

ከፍታ እና ሙቀት

ናይሮቢ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ይልቅ በአንድ ስድስተኛ ገደማ ይሳሳል፤ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ደግሞ በአንድ አምስተኛ። የሳሳ አየር ሙቀትን የመሸከም አቅሙ አነስተኛ ስለሆነ ያው ፋን በሞምባሳ ከሚያቀዘቅዘው ያነሰ ያቀዘቅዛል። የሁለቱ ከተሞች ቀዝቃዛ አየር ጉዳቱን ቢያካክስም፣ ፊቱ በመስታወት ከተዘጋ ሳጥን ይልቅ አየር የሚያስገባ ወንፊት ያለውን መምረጥ ይሻላል።

ኢንተርኔት፦ ካርድ የማይፈታው ችግር

ቀጥታ ሥርጭት የሚለካው በማውረጃ ሳይሆን በመስቀያ ፍጥነት ነው። በ1080 ጥራት በሰከንድ 60 ምስል ለማሰራጨት 6 ሜጋቢት ገደማ ያስፈልጋል፤ ጌሙ ራሱ እና ሌሎች የቤቱ ሰዎች ስለሚጋሩት 10 ሜጋቢት የመስቀያ ፍጥነት መያዝ ይበጃል። በናይሮቢ ሳፋሪኮም፣ ዙኩ እና ፋይባ የፋይበር መስመር ያቀርባሉ፤ ስታርሊንክም ከሐምሌ 2023 ጀምሮ በአገሪቱ አለ። ከመፈራረም በፊት የመስቀያ ፍጥነቱን ለይቶ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ርቀትም ገደብ አለው። የብዙ ጌሞች ሰርቨሮች በአውሮፓ፣ በመካከለኛው ምሥራቅ ወይም በደቡብ አፍሪካ ናቸው። ከናይሮቢ ፍራንክፈርት በቀጥታ መስመር 6,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ ደርሶ መልሱ ከ60 ሚሊሰከንድ በታች ሊሆን አይችልም። ይህንን መዘግየት የትኛውም ውድ ካርድ አያሳጥረውም። በግንቦት 2024 'ኢሲ' እና 'ሲኮም' የተባሉት የባሕር ሥር መስመሮች ሲቆረጡ የምሥራቅ አፍሪካ ኢንተርኔት መዳከሙም የሚታወስ ነው።

ያገለገሉ ዕቃዎች

በናይሮቢ ገበያ 'ኤክስ-ዩኬ' የሚለው ስያሜ ከብሪታኒያ ቢሮዎች የወጡ ያገለገሉ ኮምፒውተሮችን ያመለክታል። እነዚህን ገዝቶ ግራፊክስ ካርድ መጨመር በዋጋ ያማልላል፤ ነገር ግን ሦስት እንቅፋቶች አሉት። ብዙዎቹ አነስተኛ ዋት ያለው፣ በመደበኛ ፓወር ሰፕላይ የማይተካ የኃይል ምንጭ አላቸው። ቀጫጭኖቹ ሳጥኖች ሙሉ መጠን ያለው ካርድ አይቀበሉም። የኢንቴል ፕሮሰሰራቸው ከ8ኛው ትውልድ በታች ከሆነ ደግሞ 'ዊንዶውስ 11'ን በይፋ አይደግፉም፤ የ'ዊንዶውስ 10' መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 2025 አብቅቷል።

ያገለገለ ግራፊክስ ካርድም ታሪክ አለው። የኢቴሪየም ክሪፕቶ ገንዘብ በመስከረም 2022 በካርድ መቆፈሩ ሲቀር ቀን ከሌት ሲሠሩ የኖሩ በርካታ ካርዶች ወደ ገበያ ወጥተዋል። ካርዱ ሠርቷል ማለት አልቋል ማለት ባይሆንም፣ ፋኖቹንና የሙቀት መጠኑን መፈተሽ ግድ ይላል። ከዚህ የከፋው የአሮጌ ካርድ ስም በሶፍትዌር ተቀይሮ እንደ አዲስ ሲሸጥ ነው። 'ጂፒዩ-ዚ' የተባለው ነፃ ፕሮግራም ብዙዎቹን ሐሰተኞች ለይቶ ያሳያል።

ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት

ዕቃው በሱቁ ውስጥ ተገጥሞ ሲሠራ ማየት፣ ጌም ወይም የሙከራ ፕሮግራም ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ማስኬድ፣ በሳጥኑ እና በዕቃው ላይ ያለው መለያ ቁጥር አንድ መሆኑን ማመሳከር ያስፈልጋል። የተጠራው ዋጋ የኬንያን 16 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይጨምር እንደሆነም ይጠየቅ። በኤምፔሳ የተላከ ገንዘብ መልዕክት ብቻውን ደረሰኝ አይደለም፤ የዋስትናው ጊዜና የዋስትና ሰጪው ማንነት በደረሰኙ ላይ መጻፍ አለበት።

ዕቃው ወደ ኢትዮጵያ የሚሄድ ከሆነ የኃይሉ ልዩነት አያሳስብም። የኬንያ 240፣ የኢትዮጵያ 220 ቮልት ነው፤ ዘመናዊ ፓወር ሰፕላዮች ሁለቱንም ይቀበላሉ። የሚለየው ሶኬቱ ነው፦ በኬንያ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለው፣ በኢትዮጵያ ክብ እግር ያለው። ከባድ ግራፊክስ ካርድ በረጅም መንገድ መንቀጥቀጥ ማዘርቦርዱን ሊሰብር ስለሚችል ተነቅሎ ለብቻው ቢጓዝ ይመረጣል። የጉምሩክ ቀረጡንም አስቀድሞ ማጣራት ተገቢ ነው።

በጀት ሲያጥር

ገንዘብ ሲያንስ ሊቀነሱ የሚችሉት የሳጥኑ ውበት፣ ባለቀለም መብራቶች፣ የማዘርቦርዱ ትርፍ አገልግሎቶች እና የካሜራው ጥራት ናቸው። ካሜራ ለጊዜው በስልክ ሊተካ ይችላል። ሊቀነሱ የማይገባቸው ደግሞ ፓወር ሰፕላይ፣ ዩፒኤስ እና ማይክሮፎን ናቸው። ተመልካች የደበዘዘ ምስል ይታገሳል፤ የማይሰማ ድምፅን ግን ብዙ ጊዜ ጥሎ ይሄዳል።

ግራፊክስ ካርድ ከዓመት በኋላም ሊሻሻል ይችላል። መብራት ሲመለስ የተቃጠለ ኮምፒውተር ግን እንደገና ከዜሮ ያስጀምራል።