አሳታፊው ማን ነው?

በአንድ ደን ዳር በተደረገ ስብሰባ ላይ ከመሥሪያ ቤት የተላከው ወጣት «አሳታፊ የደን አስተዳደር» የሚለውን ሐረግ ሦስት አራት ጊዜ ደጋግሞ ንግግሩን ሲፈጽም፣ በትራቸውን ተደግፈው ከኋላ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ብድግ ብለው፣ «ልጄ፣ ተሳታፊዎቹስ እኛ ነን እንበል፤ አሳታፊው ግን ማን ነው?» አሉት። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ጥያቄው ግን ሳይመለስ ቀረ።

ነገሩን አንባቢ አያጣውም፤ መንግሥት ደኑን በዘበኛ ብቻ ማስጠበቅ ቢሳነው፣ ከደኑ ዳር ነዋሪ ጋር ውል ገብቶ ጥበቃውንም ጥቅሙንም የሚካፈልበት ሥርዓት ነው። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ወዲህ በጭሊሞ፣ በቦንጋና በአዳባ ዶዶላ ደኖች ተሞክሯል፤ የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010ም ከመንግሥትና ከግል ደን ጎን የማኅበረሰብንና የማኅበርን ደን ዐውቋል።

ጉድለቱ ከስሙ ላይ ነው። በግእዝ ሱታፌ ኅብረት፣ አንድነት፣ ተካፋይነት ሲሆን፣ ሱቱፍ ደግሞ ባልንጀራ፣ የድርሻ ተካፋይ ማለት ነው። «ተሳተፈ» ከዚህ ሥር የበቀለ ቃል ነው፤ «አሳተፈ» ሲባል ግን ሌላውን የሚያስገባ አስደራጊ ከፊት ይቆማል። አካፋይ እንጀራውን ይዞ የሚቆርስ፣ ተካፋይም እጁን ዘርግቶ የሚጠብቅ እንደ ሆነ ሁሉ፣ አሳታፊ በፈቀደ ጊዜ ያሳትፋል፣ ባልፈቀደም ጊዜ ይተዋል።

ሌሎች ስሞችም ቀርበዋል። «የሕዝብ ተሳትፎ» የሚለው በየዘመቻው ከመዋጮና ከጉልበት ሥራ ጋር ሲጠራ ኖሮ ፊደሉ እንጂ ነፍሱ አልቀረም። «ምክክር» ያማረ ቃል ነው፤ ነገር ግን መካሪው ሕዝብ፣ ቆራጩ ሌላ ሊሆን ይችላል። «ባለድርሻ አካላት» ደግሞ ጽዱንና ዝግባውን የአክሲዮን ማኅበር ያስመስለዋል። ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ በአዳባ ዶዶላ በኦሮምኛ የወጣው ስም፣ «ዋልዳያ ጂራቶታ ቦሶና»፣ ማለትም የደን ነዋሪዎች ማኅበር፣ ልብን ያሳርፋል፤ ማኅበሩ ከ30 የማይበልጡ አባወራዎችን ይዞ፣ ለእያንዳንዱ 12 ሄክታር ያህል ደን ታስቦ ሲቋቋም፣ ነዋሪው በገዛ ስሙ ተጠራ እንጂ አሳታፊ አልተሾመበትም።

«አስተዳደር» የሚለው ግን ይጽና። ሰው ቤተሰቡን ያስተዳድራል፤ እርሻው መተዳደሪያው ነው፤ ማኅበሩም መተዳደሪያ ደንብ አለው። መግዛትንና መኖርን በአንድ ቃል ያስተሳሰረ ቋንቋ፣ ከደኑ እየኖረ ደኑን ለሚጠብቅ ሰው ከባዕድ የሚበደረው የለውም። ስለዚህ ስሙ ሲረዝም «የደን አስተዳደር ሱታፌ»፣ ሲያጥር «የደን ሱታፌ» ይባል፤ አባላቱም «የደኑ ሱቱፋን» ይባሉ ዘንድ እመክራለሁ።

«ይህ ግእዝ ነው፣ ገበሬ አይረዳውም» የሚለኝ አይጠፋም። በየወሩ ጽዋ የሚጠጣበትን «ማኅበር» ብሎ የሚጠራው ገበሬ ቃሉን ከወዴት አመጣው? ይልቅስ እንግዳ የሚሆንበት ባዕድ አሳብ ለብሶ የመጣው አማርኛ ነው።

አዛውንቱ ይህን ስም ቢሰሙ «አሳታፊው ማን ነው?» ባላሉ ነበር፤ «ሱቱፍ ከሆንን ድርሻችን ስንት ነው?» ይሉ ነበር እንጂ። ይህም ለወጣቱ ከፊተኛው ይልቅ የሚከብድ ጥያቄ ነው፤ የስሙም ብልጫ በዚህ ይታወቃል።